የአያት መንደር ፍለጋ፦ ትውልደ ጃፓናውያን ሥረ መሠረታቸውን በምግብና በጉዞ እንዴት ያገኙታል?

ከሃዋይ፣ ከካሊፎርኒያ ወይም ከሳኦ ፓውሎ ተነስተው “የአያቶቼን አገር ልይ” ብለው ጃፓን የሚሄዱ ብዙዎች መጀመሪያ የሚያርፉት ቶኪዮ ነው። ሱሺ ይበላሉ። ፎቶ ይነሳሉ። በፈጣኑ ባቡር ኪዮቶ ይሄዱና ቤተ መቅደስ ያያሉ። አገሩ ያምራል፣ ሰዉ ጨዋ ነው፣ ምግቡም እጅ ያስቆረጥማል። አስተናጋጁ ፊታቸውን አይቶ በጃፓንኛ ያዋራቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ቋንቋው የላቸውም። ፓስፖርታቸውን ሲያወጡ እንደ ማንኛውም ቱሪስት ይስተናገዳሉ። “ታዲያ የኔ የሚባለው የቱ ጋ ነው?” የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው።

ቶኪዮ ውስጥ መልስ አያገኙም። የአብዛኞቹ ቅድመ አያቶች ቶኪዮን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ሱሺም የየዕለት ምግባቸው አልነበረም። ነጭ ሩዝ ራሱ ለብዙ ገበሬ የበዓል ነገር ነበር፤ በአዘቦቱ ቀን ሩዙ ከገብስና ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚቀቀለው። እነዚህ ሰዎች የተነሱት ከጥቂት ክፍለ ሀገሮች፣ በነዚያም ውስጥ ከጥቂት መንደሮች ነው። ሥሩን የሚፈልግ ሰው “ጃፓን”ን በጅምላ ሲፈልግ ብዙ ይደክማል። አንዲት መንደር መፈለግ ይሻለዋል። ለዚህ ደግሞ ሁለት ነገር አለለት፤ ቤት ውስጥ የቀረው ምግብና ጃፓን ውስጥ የቀረው ወረቀት።

እነማን ሄዱ? ለምን?

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1881 የሃዋይ ንጉሥ ካላካዋ ጃፓንን ጎበኙ። ሃዋይ ያኔ የአሜሪካ አካል አልነበረችም፤ የራሷ ዘውድ ነበራት። የሸንኮራ አገዳ እርሻዎቿ ግን ሠራተኛ አጥተው ነበር። ንጉሡ ለንጉሠ ነገሥት ሜይጂ “ሰው ላኩልን” አሉ። ድርድሩ ጊዜ ወሰደ። በፌብሩዋሪ 1885 “ሲቲ ኦፍ ቶኪዮ” የተባለች መርከብ ከ900 በላይ ሰዎች ይዛ ሆኖሉሉ ገባች። ውሉ የ3 ዓመት ነው። ለወንድ በወር 9 ዶላር ደሞዝና 6 ዶላር የምግብ፣ ለሴት 6 ዶላርና 4 ዶላር ይከፈላል። ሥራው በወር 26 ቀን፣ እርሻ ላይ ከሆነ በቀን 10 ሰዓት ነው። በመንግሥታት ስምምነት የሚደረገው ይህ ጉዞ በ1894 እስኪያበቃ ድረስ ወደ 29 ሺህ ሰው ሄዷል።

የሄደው ታዲያ ከመላው ጃፓን ተውጣጥቶ እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው ከሂሮሺማና ከያማጉቺ ነው፤ ቀጥሎ ኩማሞቶና ፉኩኦካ ይመጣሉ። ያኔ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኢኖዌ ካዎሩ የያማጉቺ ሰው ናቸው፤ ምልመላውም ወደዚያው አካባቢ አደላ። እንዲህ ያለው ነገር የትም አለ። ድህነቱም ገፊ ነበር። መንግሥት በ1873 የመሬት ግብርን በጥሬ ገንዘብ አድርጎታል። በ1880ዎቹ የሩዝ ዋጋ ሲያሽቆለቁል ግብሩ ግን አልቀነሰም። ብዙ ገበሬ ዕዳ ውስጥ ገባ፣ መሬቱንም ሸጠ። አንዱ ሄዶ ገንዘብ ሲልክ ጎረቤቱ ተከተለው፣ የጎረቤቱን ደግሞ የአክስቱ ልጅ። ሙሉ መንደር እየተያያዘ ወጣ።

ወደ ሌሎቹ አገሮች የሄዱትም እንዲሁ ናቸው። በ1899 “ሳኩራ ማሩ” የተባለችው መርከብ 790 ሰዎችን ፔሩ አደረሰች። በ1908 “ካሳቶ ማሩ” 781 ሠራተኞችን ብራዚል፣ ሳንቶስ ወደብ ላይ አራገፈች፤ ከነዚህ ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት ከኦኪናዋ ደሴቶች ነበሩ። ዋካያማ ውስጥ ሚዮ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ደግሞ ሰዎቿ ለሳልመን ዓሣ ሥራ ወደ ካናዳዋ ስቲቭስተን ጎረፉ። መንደሯ እስከ ዛሬ “የአሜሪካ መንደር” ትባላለች። ወደ ካናዳ ሄደው አሜሪካ መባላቸው እንግዲህ የመንደሯ ሰዎች ጉዳይ ነው።

አድራሻው የት ገባ?

“አያቶቻቸው እንዴት የመንደራቸውን ስም አልነገሯቸውም?” ትሉ ይሆናል። ለልጆቻቸው ነግረው ነበር። ክሩ የተበጠሰው በጦርነቱ ነው።

በዲሴምበር 1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን ስትደበድብ በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ የጃፓን ቤተሰቦች ከአገር ቤት የመጣውን ደብዳቤ፣ ፎቶና መጽሐፍ በገዛ እጃቸው አቃጠሉ። በሰላይነት እንጠረጠራለን ብለው ነው። በፌብሩዋሪ 19፣ 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ 9066ን ፈረሙና ወደ 120 ሺህ ሰዎች ከምዕራብ ጠረፍ ተነቅለው ራቅ ባሉ ስፍራዎች፣ ብዙዎቹም በረሃ ውስጥ፣ በተሠሩ ካምፖች ታጎሩ። አብዛኞቹ እዚያው የተወለዱ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። ከፔሩ እንኳ ወደ 1,800 ሰዎች ተይዘው አሜሪካ ካምፕ ገብተዋል። ብራዚል ውስጥ ደግሞ ጦርነቱ ሳይጀመር፣ በፕሬዚዳንት ቫርጋስ ዘመን የጃፓንኛ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር።

ከዚያ በኋላ ወላጆች ልጆቻቸውን በእንግሊዝኛና በፖርቹጋልኛ ብቻ አሳደጉ። ማን ይፈርድባቸዋል? የመንደሩ ስም ከቋንቋው ጋር ደበዘዘ። ማጀት ውስጥ ያለው ግን ቀረ፤ አያትየው ምን ቀቅላ እንደምታበላ የሚከታተል ፖሊስ የለማ።

ካምፑ ግን ማዕዱንም ነክቶታል። ሁሉም በጋራ አዳራሽ ተሰልፎ ነው የሚበላው። ልጆቹ ከጓደኞቻቸው ጋር ይቀመጣሉ፣ አባት ብቻውን። የቤተሰብ ገበታ የሚባል ነገር ጠፋ። ካሊፎርኒያ ያለው የማንዛናር ካምፕ እስረኞች ቶፉና ሶያ ሶስ በራሳቸው እጅ እስከ መሥራት ደርሰዋል። የሚታደለው የአሜሪካ ቋሊማም ከእንቁላልና ከሶያ ሶስ ጋር እየተጠበሰ ሩዝ ላይ ይደፋል። ይህን ምግብ ዛሬም በፍቅር የሚበሉ አሉ። ለእነሱ ሥረ መሠረታቸው ያለው ጃፓን ብቻ ሳይሆን በረሃው ውስጥም ነው። ከ1969 ጀምሮ ወደ ማንዛናር የሚደረግ ዓመታዊ ጉዞ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሚያዝያ ላይ።

የአዲስ ዓመቱ ሾርባ

ብዙ ቤተሰብ ሌላው ሁሉ ቢቀር የማይተወው አንድ ምግብ አለ፤ ኦዞኒ። የአዲስ ዓመት ጠዋት የሚበላ ሾርባ ነው፣ ውስጡ ሞቺ ይገባል። ሞቺ ማለት የሚጣበቅ የሩዝ ዓይነት በእንፋሎት በስሎ በትልቅ ሙቀጫ ሲወቀጥ የሚወጣ ሊጥ ነው። አንዱ ከባዱን የእንጨት መዶሻ ያነሳል። ሌላው በሁለት ምት መካከል እጁን ሰደድ አድርጎ ሊጡን ያገላብጣል። የለመዱት ዜማ ጠብቀው ይሠሩታል፤ ላልለመደ ግን ጣት የሚቀር ይመስላል።

አሁን ሳህኑን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከኪዮቶና ኦሳካ ወደ ምዕራብ ያለው ሕዝብ ሞቺውን በእጁ ያድቦለቡለዋል። በቶኪዮ በኩል ያለው ጠፍጥፎ አራት ማዕዘን አድርጎ ይቆርጠዋል። መስመሩ የሚያልፈው ሴኪጋሃራ አካባቢ ነው፤ በ1600 ቶኩጋዋ ኢየያሱ አሸንፎ ጃፓንን በእጁ ያስገባበት ሜዳ። ምሥራቆቹ አብዛኛውን ጊዜ ሞቺውን ጠብሰው ይጨምሩታል፣ ምዕራቦቹ ቀቅለው። እንደ ካጎሺማ ያሉ ምዕራብ ሆነው አራት ማዕዘን የሚቆርጡ መኖራቸውንም ልብ በሉ።

መረቁ ደግሞ የበለጠ ያጠብባል። ኪዮቶ ውስጥ ከነጭ ሚሶ ይሠራል፤ ሚሶ ከአኩሪ አተር ተብላልቶ የሚሠራ ወፍራም ቅመም ነው። ካጋዋ ላይ በነጩ ሚሶ ውስጥ የሚገባው ሞቺ ሆዱ በጣፋጭ ቀይ ባቄላ የተሞላ ነው። ሌላው ጃፓናዊ ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል፣ የካጋዋ ሰዎች ግን ያለሱ አዲስ ዓመት የለም ባይ ናቸው። በቶቶሪና በሺማኔ ያሉ አንዳንድ አካባቢዎች ሾርባውን እንዳለ ጣፋጭ የባቄላ ሾርባ ያደርጉታል። በሂሮሺማ ኦይስተር፣ ዛጎል ውስጥ የሚኖረውን የባሕር እንስሳ፣ የሚጨምሩ ቤቶች አሉ። በምዕራቡ የባሕር ዳርቻ መረቁ ከደረቀ ትንንሽ ሰርዲን ይወጣል፤ ጠረኑ ወዲያው ያስታውቃል። ኦኪናዋ ውስጥ ደግሞ በጥንቱ ልማድ ኦዞኒ የሚባል ነገር የለም። እዚያ አዲስ ዓመት ያለ አሳማ አይሆንም፤ የአሳማ አንጀት ታጥቦ፣ ታሽቶ፣ ጠረኑ እስኪጠፋ ተቀቅሎ በጠራ መረቅ ይቀርባል። (ለብዙ የኛ አንባቢ ይህ እንደሚከብድ አውቃለሁ።)

ስለዚህ ስለ ዘሩ ምንም የማያውቅ የሆኖሉሉ ልጅ “አያቴ ክብ ሞቺ በሰርዲን መረቅ ትሠራ ነበር” ካለ፣ ጃፓን በግማሽ ተከፍላ ምሥራቁ ወድቋል ማለት ነው። “አዲስ ዓመት ላይ የአሳማ አንጀት ሾርባ ነበር” ካለማ አለቀ፣ ኦኪናዋ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ እኔ በግሌ ትልቁ ቁም ነገር የሚመስለኝም እሱ ነው። የቤተሰብ ስም የሚመጣው ከአባት ወገን ነው። ምግቡ ግን የሚመጣው ከምትቀቅለው ሴት ነው። ጃፓን ውስጥ ያገባች ሴት ባሏ ቤት ገብታ የአማቷን አሠራር ትማራለች። ወደ ሃዋይ የሄደችው ግን አጠገቧ አማት የለችም፤ የምትሠራው የእናቷን ነው። ስለዚህ ሾርባውና ስሙ ሁለት የተለያየ መንደር ሊጠቁሙ ይችላሉ። የተሳሳተ ነገር የለም፣ ሁለቱም እውነት ናቸው።

የበቆሎ ሶያ ሶስ

የስደት ምግብ ከተነሳ “ይሄ እኮ ትክክለኛው የጃፓን ምግብ አይደለም” የሚል ሰው አይጠፋም። ብራዚል ውስጥ ስንዴ በቀላሉ ስለማይገኝ ሶያ ሶሱ በበቆሎ ተሠራ፤ ዛሬም የብራዚል ሶያ ሶስ ብዙው በቆሎ ነው። በጨው የሚዘፈዘፈው ጎምዛዛው የኡሜ ፍሬ ሲጠፋ ከርከዴ በጨው ተዘፍዝፎ ቦታውን ያዘ። ጤፍ ባልነበረበት ዘመን አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያን እናቶች ከስንዴና ከሌላ ዱቄት እንጀራ ጋግረው ልጅ እንዳሳደጉት ማለት ነው። ያን እንጀራ የበላ ልጅ እንጀራ አልበላም ሊባል ነው?

ካምፖ ግራንዴ የምትባለው የብራዚል ከተማ የዚህ ቁንጮ ናት። የኦኪናዋ ስደተኞች ገበያ ውስጥ ለራሳቸው የሚሠሩት ኑድል ነበር፤ ከላዩ የተከተፈ እንቁላል፣ ስጋና የሽንኩርት ቅጠል ይደረግበታል። ጎረቤቱ ቀመሰው፣ ወደደው። በ2006 ከተማዋ ይህን “ሶባ” የራሷ ቅርስ አድርጋ መዘገበችው። ኦኪናዋ ሄዶ የሚቀምሰው የካምፖ ግራንዴ ልጅ ዘመዱን ያገኛል እንጂ ያንኑ ሳህን አያገኝም።

ፔሩ ላይ ነገሩ ሌላ ደረጃ ደርሷል። የጃፓን ስደተኞች ዓሣን ጥሬውን፣ ትኩሱን መብላት ስለሚያውቁ በሎሚ ለሰዓታት ይዘፈዘፍ የነበረው የፔሩ የጥሬ ዓሣ ምግብ፣ ሴቪቼ፣ ጊዜው አጠረ። ቲራዲቶ የሚባለው፣ ጥሬ ዓሣ በስሱ ተቆርጦ ከስጎ ጋር የሚቀርብበት ምግብም ከዚህ ግንኙነት የወጣ ነው። የትውልደ ጃፓኑ ሼፍ ሚትሱሃሩ ጹሙራ “ማይዶ” የተባለው የሊማ ሬስቶራንት በ2025 ከዓለም 50 ምርጦች አንደኛ ተብሏል።

ሳኦ ፓውሎ ያለ ሰው ሥሩን ለመቅመስ አውሮፕላን ላይ መውጣትም አያስፈልገውም። እዚያ 47ቱም የጃፓን ክፍለ ሀገሮች የየራሳቸው ማኅበር አላቸው። በየዓመቱ በሚደረገው የጃፓን ፌስቲቫል እያንዳንዱ ማኅበር የክፍለ ሀገሩን ምግብ ሠርቶ ይሸጣል። ሃዋይ ላይ ደግሞ ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ጊዜ ቅዳሜና እሁድ በየቤተ መቅደሱ ግቢ የሙታን መታሰቢያ ጭፈራ አለ። በቀጥታ ከሚዘፈኑት አንዱ የኢዋኩኒ ዘፈን ነው፣ ኢዋኩኒ ያማጉቺ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ከጎኑ የኦኪናዋ ማኅበር እናቶች አንዳጊ ይጠብሳሉ፤ የኛን ቦምቦሊኖ ድቡልቡል ብታደርጉት እሱን ይመስላል።

ወረቀቱ

ምግቡ ክፍለ ሀገር ድረስ ያደርሳል። መንደር ድረስ የሚያደርሰው ኮሴኪ ነው።

ኮሴኪ የቤተሰብ መዝገብ ነው። ጃፓን ከ1872 ጀምሮ ዜጎቿን በቤተሰብ እየመዘገበች ትይዛለች። መዝገቡ የሚቀመጠው ሰውየው በሚኖርበት ሳይሆን ቤተሰቡ በተመዘገበበት ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ሃዋይ ሃምሳ ዓመት ቢኖርም መዝገቡ መንደሩ ነው ያለው። የ1872ቱ የመጀመሪያው መዝገብ ግን ከ1968 ጀምሮ ለማንም አይታይም። የድሮ የመደብ ሁኔታ ስለተጻፈበት ሰዎች ለጋብቻና ለሥራ ዘር መቁጠሪያ አድርገውት ነበር። ስለዚህ በተግባር የሚገኘው ጥንታዊው በ1886 ሥርዓት የተጻፈው ነው። እሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የስደተኛውን ወላጆችና አያቶች ይይዛል፣ ማለትም በ1800ዎቹ መጀመሪያ የተወለዱ ሰዎችን።

ገጹ ራሱ መታየት ያለበት ነው። ከላይ ወደ ታች በብሩሽ የተጻፈ ነው። መጀመሪያ የቤቱ አባወራ፣ ከዚያ እናት፣ ሚስት፣ ልጆች፣ የልጅ ሚስት። ቀኑ በንጉሥ ዘመን ይቆጠራል፤ “ሜይጂ 18” ሲል 1885 ማለቱ ነው። በዘመን አቆጣጠር መለያየት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። የሞተ ወይም አግብቶ ከቤቱ የወጣ ሰው ስሙ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ይደረግበታል። የማያውቅ ሰው ሲያይ ይደነግጣል፣ ቤተሰቡ የተረገመ ይመስለዋል። ከመዝገቡ ወጣ ማለት ብቻ ነው።

የምግቡን እንቆቅልሽ የሚፈታውም ይሄው ገጽ ነው። ሚስት ስትመዘገብ “ከእገሌ መንደር፣ የእገሌ ሁለተኛ ሴት ልጅ” ተብሎ ይጻፋል። ከ1908 እስከ 1920 ብዙ ሴቶች ሃዋይና አሜሪካ የሄዱት በፎቶ ታጭተው ነው። ሙሽራው እርሻ ላይ እያለ ስሟ እሱ መዝገብ ላይ ሲገባ ጋብቻው ተፈጸመ ማለት ነው፤ መርከብ የምትሳፈረው ከዚያ በኋላ ነው። የዚያች ሴት መንደር፣ የሾርባው መንደር፣ እዚያ መስመር ላይ አለች።

ኮሴኪ ለማግኘት ቀጥተኛ ተወላጅ መሆን ያስፈልጋል። ከአመልካቹ እስከ ስደተኛው ድረስ ያለውን ሰንሰለት በልደትና በጋብቻ ወረቀት ማሳየት፣ ወደ ጃፓንኛ ማስተርጎም፣ የፓስፖርት ቅጂ ማያያዝ ነው። የድሮው መዝገብ ዋጋ 750 የን ነው፣ ከአውሮፕላን ቲኬቱ ጋር ሲተያይ ምንም ማለት ነው። ከውጭ በፖስታ ሲጠየቅ አሠራሩ ከአንዱ ማዘጋጃ ቤት ወደ ሌላው ይለያያል፤ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። የተዘጉ መዝገቦች ድሮ ለ80 ዓመት ብቻ ነበር የሚቆዩት። በ2010 ወደ 150 ዓመት ከፍ ብሏል፣ ከዚያ በፊት የተወገደው ግን ውሃ በላው።

ዋናው ፈተና የመንደሩን ስም ማግኘት ነው። የመጀመሪያው ትውልድ የተቀበረበት የሃዋይ መቃብር ጥሩ መነሻ ነው፤ ብዙዎቹ ድንጋዮች ላይ ክፍለ ሀገሩ፣ ወረዳውና መንደሩ ተቀርጿል። የመርከብ የተሳፋሪ ዝርዝርና የድሮ ፓስፖርትም አለ። የተገኘው ስም ግን ዛሬ ካርታ ላይ ላይኖር ይችላል። ጃፓን በ1889 ወደ 71 ሺህ የሚጠጉ ከተሞችና መንደሮቿን አዋህዳ ወደ 16 ሺህ አወረደቻቸው። ውህደቱ በየዘመኑ ቀጥሎ ዛሬ ከ1,750 ያነሱ ናቸው። “መንደሩ የለም” የሚል መልስ የመጣለት ሰው ተስፋ አይቁረጥ፣ የሌላ ከተማ ቀበሌ ሆኖ ይሆናል።

ደርሶ ሲያዩት

ሱዎ-ኦሺማን እንውሰድ፣ ያማጉቺ ውስጥ ያለች ደሴት ናት። በመንግሥት ስምምነቱ ዘመን ወደ 3,900 ሰው ከዚህች ደሴት ብቻ ሃዋይ ሄዷል። ከ1976 ጀምሮ ድልድይ አላት፤ ከኦባታኬ ባቡር ጣቢያ አውቶቡስ ይዞ መሻገር ነው። ከአሜሪካ ሀብት ይዞ የተመለሰ ሰው የሠራው ቤት ዛሬ የሃዋይ ስደተኞች ሙዚየም ሆኗል። የሃዋይዋ ካዋይ ደሴት ከ1963 ጀምሮ እህቷ ናት። ሕዝቡ ግን ከ15 ሺህ በታች ወርዷል፣ ከግማሽ በላዩም ከ65 ዓመት በላይ ነው። መንደር ለመንደር ሲዞሩ የተዘጋ በር ይበዛል። ጃፓን በ2023 ባደረገችው ቆጠራ 9 ሚሊዮን ባዶ ቤት ተገኝቷል። ሥሩን ፈልጎ የሚመጣው ሰው ዘመድ ሳይሆን ቁልፍ የተንጠለጠለበት ቤት ሊጠብቀው እንደሚችል ቢያውቅ ይሻላል።

ዘመድ ከተገኘ ደግሞ ዘው ብሎ መሄድ ነውር ነው። ቀድሞ ደብዳቤ፣ ከፎቶና ከዘር ሐረግ ጋር በጃፓንኛ ተጽፎ ይላካል። ባዶ እጅ አይኬድም፤ የሃዋይ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የማካዳሚያ ቸኮሌት ይዘው ይሄዳሉ። የሟቾች ስም ያለበት የቤት መሠዊያ ፊት ዕጣን ይጨሳል። ከዚያ መቃብር። አረሙ ይነቀላል፣ ድንጋዩ በውሃ ይታጠባል፣ አበባ ይቀየራል። ቡድሃን የማያውቅ ክርስቲያን የልጅ ልጅ እንኳ ድንጋይ ማጠብ አይቸግረውም።

ምሳው ላይ ግን አንድ ጉድ ይመጣል። የተከበረ እንግዳ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ከሱቅ የታዘዘ ሱሺ ነው የሚቀርበው። አያቱ ትቀቅለው የነበረውን የጎደሬና የሥራሥር ወጥ (ኒሺሜ) ብሎ ውቅያኖስ የተሻገረው ሰው አሁንም ሱሺ! ደፍሮ መጠየቅ ነው። “ኒሺሜ አለ?” ሲባሉ የቤቱ እመቤት መጀመሪያ ያፍራሉ፣ “እሱ እኮ የገጠር ምግብ ነው” ብለው። ቀጥሎ ግን ማጀት ይገባሉ።

ኦኪናዋ የተለየ ታሪክ አላት። በ1945ቱ ጦርነት የዋናው ደሴት የቤተሰብ መዝገብ ከሞላ ጎደል ነድዷል። ስለዚህ ናሃ ያለው የክፍለ ሀገሩ ቤተ መጻሕፍት በስደተኞች ዝርዝርና በሌላ ሰነድ ለሚመጡ ተወላጆች ዘር ያፈላልጋል። አቀባበሉም ሌላ ነው። ከ1990 ጀምሮ በግምት በየ5 ዓመቱ በዓለም የተበተነው ኦኪናዋዊ የሚሰበሰብበት ትልቅ ፌስቲቫል አለ። ለዚህ ፍቅር ምክንያት አላቸው። ጦርነቱ የደሴቲቱን አሳማ ጠራርጎ ጨርሶት ነበር። በ1948 የሃዋይ ኦኪናዋውያን ገንዘብ አዋጥተው አሜሪካ ውስጥ 550 አሳማ ገዙ። 7 ሰዎች ከፖርትላንድ በመርከብ ይዘዋቸው፣ በማዕበል እየተንገላቱ አደረሱ። እንስሶቹ ለገበሬዎች ታደሉ፣ ተዋለዱና በዙ። ዛሬ ኦኪናዋ ደርሶ የአሳማ ሾርባ የሚቀርብለት የሃዋይ ልጅ የአያቱ መዋጮ ሳህኑ ውስጥ አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ልመለስ ቢልስ?

መጎብኘትና መኖር ለየቅል ናቸው። ጃፓን ከ1990 ጀምሮ እስከ ሦስተኛ ትውልድ ላሉት ሠርተው የሚኖሩበት ፈቃድ ከፈተች። ፋብሪካዎቿ ሰው አጥተው ስለነበር ነው እንጂ ናፍቆት አልነበረም። ለአራተኛ ትውልድ በ2018 የተከፈተው በር ጠባብ ነው፤ ዕድሜ፣ ቋንቋና ጊዜ ይገድበዋል። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ አውጥቶ እንደሚገባው ያለ ነገር የለም።

በ2007 ጃፓን ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ ብራዚላውያን ይኖሩ ነበር። ብራዚል ውስጥ “ጃፓኑ” ይባሉ የነበሩት ጃፓን ሲገቡ “ብራዚላዊ” ተባሉ። ጉንማ ያለችው ኦይዙሚ ከተማ ሄዳችሁ ብታዩ የብራዚል ዳቦ ቤት፣ የብራዚል ሱፐርማርኬት፣ የብራዚል ጥብስ ቤት ታገኛላችሁ። የአያታቸውን ምግብ ፍለጋ የሄዱት ሰዎች የእናታቸውን ምግብ ናፍቀው ሱቅ ከፈቱ። በ2009 የኢኮኖሚ ቀውሱ ሲመጣ ደግሞ መንግሥት ሥራ ላጡት 300 ሺህ የን የመመለሻ ከፍሎ አሰናበታቸው።

ለጉዞ ከሆነ ጊዜ መምረጥ ያስፈልጋል። በአዲስ ዓመት ኦዞኒው አለ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ግን ከዲሴምበር 29 እስከ ጃንዋሪ 3 ዝግ ነው። በኦገስት አጋማሽ፣ የሙታን መታሰቢያ ሰሞን፣ የሂሮሺማ መቃብሮች በባለቀለም የወረቀት ፋኖስ ያሸበርቃሉ፤ ባቡሩና ሆቴሉ ግን ሙሉ ነው፣ ሙቀቱም አይጣል። ኦኪናዋ ከሆነ ሚያዝያ ጥሩ ነው፣ ያኔ ቤተሰቡ ሁሉ የመቃብሩ ደጃፍ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ የአሳማ ስጋ፣ የተጠበሰ ዓሣና ሞቺ አብሮ ይበላል። ለሌላው መስከረም ይሻላል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሳምንት ሰው መቃብር ይጎበኛል፣ በቀይ ባቄላ የተለበጠ የሩዝ ድብልብል ኦሃጊም በየሱቁ ይሸጣል። ዕለቱ ራሱ ግን የሕዝብ በዓል ስለሆነ የኮሴኪውን ወረቀት ከሁለት ሦስት ቀን በፊት መጨረስ ነው።